ቅዱስ ሳዊሮስ በሮማውያን የሕግ ትምህርት ቤት

ልጁን ከአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ለይቶ፣ ስንቁን አሲዞ፣ በሩቅ ከተማ ወደሚገኝ ዩኒቨርሲቲ የሚሸኝ አባት ሁሉ በልቡ የሚያመላልሰው አንድ ሥጋት አለ። ይኸውም ልጁ የዓለሙን ጥበብ ሲገበይ የአባቶቹን ሃይማኖት ይጥል ይሆን የሚል ነው። የሚማረው የጥንታውያን ሮማውያንን ሕግ፣ ኑሮና ልማድ የሆነ እንደ ሆነማ ሥጋቱ ይብስበታል፤ የሮማውያን ታሪክ ከጣዖታቱ፣ ከትያትሩና ከፈረስ እሽቅድምድሙ ጋራ የተጠላለፈ ነውና። ነገር ግን ይህ ሥጋት የዛሬ ብቻ አይደለም። ከ1500 ዓመት በፊትም ነበረ፤ መልሱንም በቃል ሳይሆን በኑሮው የሰጠ አንድ ታላቅ አባት አለን።

ይህም አባት ቅዱስ ሳዊሮስ ሊቀ ጳጳሳት ዘአንጾኪያ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ወደ ግብፅ የገባበትን ቀን በጥቅምት 2፣ ያረፈበትን በየካቲት 14፣ ሥጋው የፈለሰበትን በታኅሣሥ 10 ታስባለች፤ ትምህርቱም በሃይማኖተ አበው መጽሐፋችን ውስጥ ይነበባል። ስለ ተዋሕዶ ሃይማኖት መጋደሉንና መሰደዱን ብዙዎች ያውቃሉ፤ በወጣትነቱ የሮማውያን ሕግ ተማሪ እንደ ነበረ የሚያውቁት ግን ጥቂቶች ናቸው። እኛም ዛሬ የዚህን የትምህርት ዘመኑን ታሪክና ከዚያ የተከተለውን ፍሬ ባጭሩ እንጽፋለን። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ቅዱስ ሳዊሮስ በ465 ዓ.ም. ገደማ በታናሽ እስያ በጲስድያ አውራጃ፣ ሶዞፖሊስ በምትባል ከተማ ተወለደ። ቤተ ሰቡ የተከበረና ባለጸጋ ነበረ፤ አባቱ ከከተማይቱ የሸንጎ አባሎች አንዱ ሲሆን፣ ከአያቶቹ አንዱ የሆነው ሞክሼው ሳዊሮስ በ431 ዓ.ም. በኤፌሶን ከተሰበሰቡት ጳጳሳት ጋራ ይቈጠራል። በዚያ አውራጃ ጢም ሳያወጡ አለመጠመቅ የቈየ ልማድ ስለ ነበረ፣ ሳዊሮስም ገና ሳይጠመቅ አባቱ ሞተበት። እናቱ ግን መበለት ሆና ሳለች ልጆችዋን ከትምህርት አላጐደለችም፤ እርሱንና ሁለቱን ታላላቅ ወንድሞቹን ሰዋስውና የንግግር ጥበብ በግሪክና በላቲን ይማሩ ዘንድ ወደ እስክንድርያ ላከቻቸው።

ይህን ሁሉ የምናውቀው የትምህርት ባልንጀራው ከነበረው ከዘካርያስ ነው። ዘካርያስ በጋዛ አጠገብ የሚገኘው የማዩማ ወደብ ተወላጅ ሲሆን፣ በእስክንድርያም በቤሩትም ከሳዊሮስ ጋራ ተምሮአል። ሳዊሮስ ፓትርያርክ በሆነ ጊዜ ጠላቶቹ፣ በቤሩት ተማሪ ሳለ ጣዖት ያመልክ ነበረ ብለው የስም ማጥፊያ ጽሑፍ በተኑበት። ዘካርያስም ይህን ክስ ለማፍረስ፣ በዓይኑ ያየውን የባልንጀራውን የተማሪነት ኑሮ በዝርዝር ጻፈ። የግሪኩ መጽሐፍ ጠፍቶ የሱርስቱ ትርጓሜ ለእኛ ዘመን ደርሶአል። እንግዲህ አስተውሉ፤ የተማሪነት ዘመን አልፎ የሚረሳ አይደለም፤ ከብዙ ዓመታት በኋላ እንኳ ለክስም ለምስክርነትም ይጠራል።

በእስክንድርያ ሳዊሮስ በትጋቱ ታወቀ። በዚያ ዘመን ወጣቶች ሁሉ የሚያደንቁት ሊባንዮስ የተባለውን አረማዊ የንግግር ሊቅ ነበረ፤ ሳዊሮስም ልቡ ወደ እርሱ አዘንብሎ ነበር። ዘካርያስ ግን ከሊባንዮስ አጠገብ የቅዱስ ባስልዮስንና የቅዱስ ጎርጎርዮስን መልእክታት አኖረለት፤ ባስልዮስ ለዚያው ለሊባንዮስ የጻፋቸውንም እንዲያነብ መከረው። ምክሩ ጥበብ የተሞላበት ነበረ። ባልንጀራውን የሚወደውን መጽሐፍ ከእጁ አልነጠቀውም፤ የሚበልጠውን ከጐኑ ሰጥቶ ማመዛዘኑን ለእርሱ ተወለት። ሳዊሮስም አነበበ፤ አመዛዘነ፤ ከዚያ በኋላ ባስልዮስን ከእጁ አልለየውም።

ከዚህ በኋላ ሳዊሮስ ሕግ ለመማር በፊንቄ ባሕር ዳር ወደምትገኘው ወደ ቤሩት ተሻገረ። ቤሩት ከአውግስጦስ ቄሣር ዘመን ጀምሮ የሮማውያን ሠፈር ሆና የተቈረቈረች ከተማ ናት። የሕግ ትምህርት ቤትዋ ከሦስተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ዝናው የወጣ ስለ ነበር፣ በምሥራቅ ዳኛ፣ ጠበቃ ወይም አገረ ገዥ ለመሆን የሚሻ ወጣት ሁሉ ወደዚያ ይጐርፍ ነበር። ትምህርቱ እስከ አምስት ዓመት ይዘልቃል። ተማሪው በመጀመሪያው ዓመት ጋይዮስ የተባለው ሊቅ ለጀማሪዎች ያዘጋጀውን መጽሐፍ ይማራል፤ በሦስተኛው ዓመት የጳጲንያኖስን፣ በአራተኛው የጳውሎስን (ሐዋርያውን አይደለም፤ የሮማውያንን የሕግ ሊቅ ነው) መልሶች ያጠናል፤ በመጨረሻውም የነገሥታቱን ዐዋጆች ይመረምራል። መጻሕፍቱ የተጻፉት በላቲን ነው፤ መምህራኑ ግን በአምስተኛው መቶ ዓመት ንባቡን የሚተረጕሙት በግሪክ ነበረ። ይህም ለእኛ ለመረዳት አያስቸግርም፤ በመጻሕፍት ቤት የግእዙን ንባብ በአማርኛ አንድምታ እየሰማን አድገናልና።

የዚያ ትምህርት ቤት ኑሮ መልካም ብቻ አልነበረም። አዲስ ገቢዎቹ በንቀት የሁለት ሳንቲም ሰዎች እንደ ማለት ባለ ስም ይጠሩ ነበር፤ የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎችም ያዋርዱአቸውና ይሣለቁባቸው ነበር። ከከተማው ወጣቶች ብዙዎቹ ከትምህርት በኋላ ወደ ትያትር፣ ወደ ፈረስ እሽቅድምድም፣ ወደ ቁማርና ወደ አመንዝራ ቤት ይበታተኑ ነበር። ዘካርያስ ሳዊሮስን ተከትሎ ወደ ቤሩት በመጣ ጊዜ ይህን መሣለቂያ ፈርቶ ነበር፤ የሚያውቀው ሳዊሮስ ደግሞ በዚያን ጊዜ ከሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች አንዱ ነው። ዘካርያስ ሊዮንትዮስ ወደሚባለው መምህር ጉባኤ በገባ ጊዜ ግን ሳዊሮስ በትሕትናና በፍቅር ተቀበለው። ሌሎች ሥልጣን ባገኙበት ቀን የሚታየው ጠባይ በእርሱ አልታየም።

ዘካርያስም ከጉባኤው ወጥቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ጸለየ። ሳዊሮስ በኋላ አገኘውና ሕጉን ሳይተው እንዴት ሊድን እንደሚችል ጠየቀው። ዘካርያስም የአባቶችን መጻሕፍት ማንበብ እንደሚጠቅመው ነገረው። ከዚህ በኋላ ሁለቱ ተስማምተው ሥርዓት ሠሩ። የሳምንቱ ቀኖች ለሕግ ትምህርት ይሆናሉ፤ የቅዳሜ ከቀትር በኋላና እሑድ ግን የሕግ መጽሐፍ ሳይነካባቸው የቅዱስ ባስልዮስን፣ የቅዱስ ጎርጎርዮስን፣ የቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅን፣ የቅዱስ ቄርሎስንና የሌሎችንም ሊቃውንት መጻሕፍት አብረው ያነብባሉ። በዘወትር ቀንም ከትምህርት ሲወጡ ማታ ማታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ።

በዚህ ሥርዓት ዙሪያ ሌሎች ወጣቶች ተሰበሰቡ። የማኅበሩ መሪ አውግርዮስ የሚባል የሳሚሳጥ ሰው ነበረ፤ እርሱም ዕለት ዕለት የሚጾም፣ ገላውን በዓመት አንድ ቀን በፋሲካ ዋዜማ ብቻ የሚታጠብ ነበረ። በዚያ ዘመን የሮማውያን መታጠቢያ ቤት የንጽሕና ስፍራ ብቻ ሳይሆን የመዝናኛና የሥራ ፈት ወሬ ስፍራ እንደ ነበረ ልብ ማለት ይገባል። ሳዊሮስ በመጀመሪያ ትምህርቱን እንጂ ይህን ጭንቅ ተጋድሎ አልተቀበለም ነበር፤ ጥቂት በጥቂት ግን ከሥጋ መብል ተለየ፤ ጾምን ያዘ፤ ባልንጀሮቹንም መሰለ። ምንም ሳይጠመቅ ገና ንኡሰ ክርስቲያን ሳለ የመነኮሳትን ኑሮ ጀመረ።

በዚያው ወራት በቤሩት አንድ አስደንጋጭ ነገር ተገለጠ። ከግብፅ ቴብስ የመጣ ዮሐንስ የሚባል የሕግ ተማሪ፣ የወደዳትን ሴት በአጋንንት ኃይል ለማግኘት ሲል፣ አገልጋዩ የሆነውን ባሪያ በሌሊት በፈረስ እሽቅድምድሙ ሜዳ ሊሠዋ ተነሣ። ባሪያው ኢትዮጵያዊ እንደ ነበረ ዘካርያስ ጽፎአል፤ ግሪኮች በዚያ ዘመን ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን ጥቁር ሕዝብ ሁሉ በዚህ ስም ይጠሩት ነበር። ክፉው ሥራ ሊፈጸም ሲል ድንገት መንገደኞች በዚያ አለፉ፤ ባሪያውም አምልጦ ምሥጢሩን ገለጠ። የሳዊሮስ ባልንጀሮች ወደ ዮሐንስ ቤት ሄደው በመረመሩ ጊዜ፣ የአስማቱ መጻሕፍት በወንበር ውስጥ ተሸሽገው ተገኙ፤ መሸሸጊያውንም በምሥጢር ያመለከታቸው ያው ባሪያ ነው።

በዚህ ስፍራ ጥቂት ቆም ብለን እናስብ። ዮሐንስ ሰው መግደልንና አስማትን በሞት የሚቀጣውን የሮማውያንን ሕግ ይማር ነበር። ሕጉን ማወቁ ግን እጁን አልከለከለውም። ባሪያው ደግሞ ሕግ ያልተማረ፣ በሮማውያን ሕግ ፊት እንደ ጌታው ንብረት የሚቈጠር ሰው ነበረ፤ እውነትን በመናገሩ ግን የራሱን ሕይወት አዳነ፤ ከተማይቱንም ከክፉ ነገር አነጻ። ዮሐንስ በእግራቸው ላይ ወድቆ ለዳኛ አሳልፈው እንዳይሰጡት በለመናቸው ጊዜ፣ ወጣቶቹ መጻሕፍቱን በገዛ እጁ እንዲያቃጥል አደረጉ እንጂ ደሙን አልፈለጉም። ሕጉን ያውቁት ነበርና መቅጫውን ያውቃሉ፤ ምሕረትን ግን ከሌላ መጽሐፍ ተምረዋል።

ሳዊሮስም የአባቶችን መጻሕፍት ሲመረምር ጥምቀትን ማዘግየት እንደማይገባ ተረዳ። በ488 ዓ.ም. ገደማ በፊንቄ ትሪፖሊ በቅዱስ ሊዮንትዮስ ሰማዕት ቤተ ክርስቲያን ተጠመቀ፤ የክርስትና አባት የሆነለትም አውግርዮስ ነው። ወደ ቤሩት ተመልሶ ትምህርቱን ፈጸመ። አሳቡ ወደ አገሩ ተመልሶ ጠበቃ ለመሆን ነበር፤ እናቱም የደከመችው ለዚሁ ነው። ነገር ግን ለመሳለም ወደ ኢየሩሳሌም በወጣ ጊዜ ልቡ ወደ ምንኵስና አዘነበለ። የጊዮርጊያ ንጉሥ ልጅ የነበረው ጴጥሮስ ባቀናው በማዩማ ገዳም ገብቶ መነኰሰ። ከዚያም ወደ በረሃ ወርዶ በብርቱ ተጋድሎ ሰውነቱን እስኪታመም አደከመ፤ ከአባቱ ከወረሰው ገንዘብ ለድኆች ሰጠ፤ በቀረውም በማዩማ ገዳም አቀና፤ ቅስናንም ተቀበለ።

እንግዲህ አንባቢው፣ ያ ሁሉ የሕግ ትምህርት ከንቱ ቀረን ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። አልቀረም። ሳዊሮስ በ508 ዓ.ም. ስለ ተበደሉት መነኮሳት ለማመልከት ወደ ቁስጥንጥንያ ሄዶ ሦስት ዓመት ያህል ቈየ። በዚያም የኬልቄዶን ጉባኤ ወገኖች ከቅዱስ ቄርሎስ መጻሕፍት 244 ያህል ቃላትን ቈራርጠው፣ ቄርሎስ ከእነርሱ ጋራ እንደሚስማማ ለማስመሰል ያዘጋጁት ስብስብ ደረሰው። ሳዊሮስ በስድብ አልመለሰም። የተቈረጠውን ቃል እያንዳንዱን ወደ መጣበት መጽሐፍ መልሶ፣ ከፊቱና ከኋላው ያለውን ንባብ አሳይቶ፣ ቄርሎስ በእርግጥ ያለው ምን እንደ ሆነ አስረዳ። መጽሐፉንም ፊላሊቲስ ብሎ ሰየመው፤ ይኸውም ወዳጄ እውነት፣ እውነትን የሚወድ ማለት ነው። ሰነድን ከሥሩ መመርመር፣ ምስክርን በሙሉ ቃሉ መስማት፣ ቍንጽል ንባብን አለመቀበል የቤሩት ጉባኤ ያስተማረው ጥበብ ነው። የሕግ ዕውቀቱ እንዲህ የሃይማኖት አገልጋይ ሆነ።

በ512 ዓ.ም. በንጉሥ አንስጣስዮስ ዘመን ሳዊሮስ የአንጾኪያ ፓትርያርክ ሆነ። ወደ መንበረ ፕትርክናው ቤት በገባ ጊዜ ወጥ ቤቶቹን አሰናበተ፤ መታጠቢያ ቤቱንም አፈረሰ። በቤሩት ከአውግርዮስ የተማረውን ኑሮ በፓትርያርክነቱም አልተወውም ማለት ነው። ትያትርና የፈረስ እሽቅድምድም የሚወደውን የአንጾኪያ ሕዝብ በብዙ ስብከት ገሠጸ፤ ሕዝቡ ዜማ ወዳድ መሆኑን ስላወቀም መንፈሳዊ መዝሙራትን ደረሰለት። መልእክታቱን የሚያነብ ሰው ደግሞ የፓትርያርኩን ልብ ከዳኛው ጥንቃቄ ጋራ አስተባብረው ያገኛቸዋል፤ ክህነት በገንዘብ እንዳይሸጥ፣ ሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን በአድልዎ እንዳይፈርስ ነገሩን እየመረመረ ይፈርዳል።

በ518 ዓ.ም. አንስጣስዮስ ሞቶ ዮስጢኖስ ነገሠ፤ ነፋሱም ተለወጠ። ሳዊሮስ እንዲያዝ ታዘዘ፤ ምላሱም እንዲቈረጥ ተፈልጎ እንደ ነበር የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። እርሱም በመስከረም መጨረሻ በመርከብ ተሳፍሮ ወደ ግብፅ ገባ፤ ይህም እኛ በጥቅምት 2 የምናስበው ቀን ነው። ከዚያ እስከ ዕረፍቱ ሃያ ዓመት ያህል፣ ከገዳም ገዳም እየተሸሸገ፣ በስደት ያሉትን ምእመናን በመልእክት እየመራ ኖረ። በመካከሉ ንጉሥ ዮስጢንያኖስ ስለ ሰላም ጠርቶት ወደ ቁስጥንጥንያ ወጥቶ ነበር፤ ሰላሙ ግን አልተገኘም።

ዮስጢንያኖስ የሮማውያንን ሕግ ሰብስቦ ያስጠረዘ ንጉሥ ነው። በ533 ዓ.ም. የጥንቱ ሊቃውንት ፍርድ በአንድ ሲጠቃለል በሥራው ላይ ከቤሩት የመጡ መምህራን ነበሩበት፤ ሕግ እንዲያስተምሩ ከተፈቀደላቸው ሦስት ከተሞችም ቤሩት ከሮምና ከቁስጥንጥንያ ጋራ አንዲቱ ሆነች። በአዲስ ተማሪዎች ላይ መሣለቅን የከለከለውም ይኸው ንጉሥ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን በነሐሴ 536 ዓ.ም. ያው ንጉሥ ሳዊሮስን ከከተሞች የሚያሳድድ ዐዋጅ አወጣ፤ መጻሕፍቱ እንዲቃጠሉ፣ መጻሕፍቱን የሚገለብጥ ጸሐፊ ቢገኝም እጁ እንዲቈረጥ አዘዘ። ሳዊሮስ በወጣትነቱ ሌት ተቀን ያጠናው የነገሥታት ዐዋጅ በሽምግልናው በራሱ ላይ ተነሣበት። በቤሩት ባልንጀሮቹ የአስማት መጻሕፍት ሲያቃጥሉ እንዳየ ሁሉ፣ አሁን የእርሱ የሃይማኖት መጻሕፍት እንደ አስማት ለእሳት ተፈረደባቸው።

ሳዊሮስ በንግሥት ቴዎድራ ረዳትነት ከቁስጥንጥንያ ወጥቶ ወደ ግብፅ ተመለሰ፤ በ538 ዓ.ም. በየካቲት 14 ቀን ሰካ በምትባል ከተማ ዐረፈ። የግሪክ መጻሕፍቱ በዐዋጁ ምክንያት አብዛኞቹ ጠፉ። ነገር ግን የሶርያ መነኮሳት እጃችን ይቈረጣል ብለው አልፈሩም። ገና በሕይወቱ ሳለ ጳውሎስ ዘቃሊኒቆስ መተርጐም ጀመረ፤ በኋላም አትናቴዎስ ዘንጽቢንና ያዕቆብ ዘሮሃ ተከተሉ። ከ125 የማያንሱት የመንበር ስብከቶቹ በሱርስት ተጠብቀዋል፤ ከጻፋቸው ወደ 4000 ከሚጠጉ መልእክታት ደግሞ ከ300 ጥቂት የሚያንሱት ደርሰውናል። የቤሩት ትምህርት ቤት ግን በ551 ዓ.ም. በታላቅ የመሬት መናወጥ ፈረሰ፤ የቀድሞ ክብሩም አልተመለሰለትም።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ምንድር ነው? የሮማውያንን ሕግና ሥልጣኔ መማር ኃጢአት አይደለም። እኛ ራሳችን በአክብሮት የምንይዘው ፍትሐ ነገሥት በሥጋዊ ፍርድ ክፍሉ ከሮማውያን ነገሥታት ሕግ የተወሰደ ብዙ ነገር አለበት። ሳዊሮስም ቤሩትን አልረገመም፤ ትምህርቱንም አቋርጦ አልሸሸም። ነገር ግን የአምስቱን ቀን ትምህርት ከቅዳሜ ማታውና ከእሑዱ ንባብ ጋራ አላደባለቀም፤ የትኛው ጌታ፣ የትኛው አገልጋይ እንደ ሆነ ለይቶ ያዘ። ሕጉ አእምሮውን ሳለው፤ የአባቶች መጻሕፍት ግን ልቡን አቆሙት። ሕጉ በተነሣበት ቀን ያላፈረው በሁለተኛው ምክንያት ነው።

ስለዚህ ልጆቻችንን ወደ ትምህርት ስንሸኝ ከስንቃቸው ጋራ ሁለት ነገር እንስጣቸው። አንደኛው የአባቶች መጽሐፍ ነው፤ ባዶ እጁን የሄደ ተማሪ የሚያመዛዝንበት ሚዛን የለውምና። ሁለተኛው መልካም ባልንጀራ ነው፤ ሳዊሮስ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ቤሩት ምን ታደርገው እንደ ነበር ማን ያውቃል? በየከተማው ያላችሁ ካህናትም ከሩቅ የሚመጣውን ተማሪ ዘካርያስ በሳዊሮስ ዘንድ እንደ ተገኘ ተገኙለት፤ የያዘውን መጽሐፍ ሳትነጥቁ የሚበልጠውን ከጐኑ አኑሩለት፤ የቅዳሜን ማታም ለንባብ ክፈቱለት። ያን ጊዜ ትምህርቱ ለሀገርም ለቤተ ክርስቲያንም ይጠቅማል።

የቅዱስ ሳዊሮስ ረድኤቱና በረከቱ ከሁላችን ጋራ ይኑር፤ አሜን።